ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ስለ አዲስ አበባ–ዋሽንግተን በረራ ርቀትና የጉዞ ሰዓት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው?

በአጭሩ መስመር ሲለካ 11,570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይል 7,190፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 6,245 አካባቢ ይሆናል። ልኬቱ ከማኮብኮቢያ እስከ ማኮብኮቢያ እንጂ ከከተማ እስከ ከተማ አይደለም። ደለስ ራሱ የሚገኘው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን መሃል 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ቲኬት ሲቆርጡ ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር እንዳይምታታብዎ የኤርፖርቱን ኮድ ይመልከቱ፤ የደለስ አይኤዲ፣ የቦሌ ኤዲዲ ነው።

አንዱ ቦታ 11,560፣ ሌላው ቦታ 11,580 ቢያነቡ አይደናገጡ። ምድርን ፍጹም ክብ አድርጎ ያሰላና በወገቧ በኩል ትንሽ ሰፋ ያለች መሆኗን ቆጥሮ ያሰላ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትር ይለያያሉ። ልዩነቱ የአንድ ሁለት ደቂቃ በረራ ነው።

በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የሚወስነው አቅጣጫው ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሳያርፉ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 13 ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ግን መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ስለሚታረፍ፣ የማረፊያው ጊዜ ተጨምሮ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሦስትና አራት ሰዓት ልዩነት የሚፈጥሩት የቦሌ ከፍታና ነፋስ ናቸው።

ቲኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት አየር ላይ የሚቆዩበትን ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ከተላቀቀ ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ድረስ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ማኮብኮቢያው ጋ ለመድረስና ተራ ለመጠበቅ 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ 10 ደቂቃ ያህል ይሄዳል።

ሲመለስ ሳያርፍ የሚመጣው አውሮፕላን ሲሄድ ለምን ያርፋል?

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ደለስ 95 ሜትር ላይ። ጉዳዩ በሙሉ ከዚህ ይመነጫል። ቦሌ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ስስ አየር ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ክንፉን የሚያነሳው ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይደክማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት በመሬት ላይ የበለጠ መፍጠን፣ ለዚያም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ማግኘት አለበት። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ማለቂያ አለው። ጎማውም ገደብ አለው። የትልልቅ አውሮፕላኖች ጎማ የተሠራው በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር አካባቢ ለሚደርስ የመሬት ፍጥነት ነው። ቦሌ ላይ ደግሞ ለተመሳሳይ ክብደት የሚያስፈልገው የመነሻ ፍጥነት በባሕር ጠለል ካለው ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል።

በቁጥር እንየው። ቦይንግ 787-8 ከመሬት ሊነሳበት የተፈቀደለት ትልቁ ክብደት 228 ቶን ገደማ ነው። መንገደኛና ነዳጅ ሳይጫንበት ከሠራተኞቹና ከመስተንግዶ ዕቃው ጋር 120 ቶን ያህል ይመዝናል። 270 መንገደኛ ከነሻንጣው ሲገባ 27 ቶን ይጨመራል። በሰዓት በግምት 5 ቶን ነዳጅ ስለሚያቃጥል ለ14 ሰዓት 70 ቶን ይፈልጋል፤ የግድ መያዝ ያለበት መጠባበቂያ ሲታከልበት 77 ቶን ይጠጋል። ድምሩ 224 ቶን ነው። ይህ በባሕር ጠለል እንኳ ጫፍ ላይ ያለ ክብደት ሲሆን፣ ቦሌ ላይ ይህን ይዞ መነሳት አይቻልም።

ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፤ ሰውና ጭነት መቀነስ፣ ወይም ነዳጅ ቀንሶ ተነስቶ መንገድ ላይ መሙላት። ሁለተኛው መንገደኛን መሬት ላይ አያስቀርም። ከደለስ ሲነሳ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሙሉውን ነዳጅ ይጭናል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ነዳጁን ጨርሶ ቀሏል፣ ስለዚህ ከፍታው ለማረፍ እንቅፋት አይሆንበትም። ቦይንግ 777-200 ኤልአር እና ኤርባስ ኤ350 የተሻለ አቅም አላቸው፤ ከፍታው ግን እነሱንም ክብደት ያስቀንሳቸዋል።

ከቦሌ ረጅም በረራዎች በምሽት የሚነሱት በዋናነት ከብዙ ከተሞች የመጡ መንገደኞች ተሰባስበው እንዲያልፉ ነው። ቀዝቃዛ የሌሊት አየር ከሞቃት የቀን አየር ስለሚወፍር ለመነሳትም ያግዛል።

አዲሱ የቢሾፍቱ ኤርፖርት ይህን ይቀይረዋል?

ያሻሽለዋል። ለግንባታው የተመረጠው የአቡሴራ አካባቢ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህ ልዩነት አንድ አውሮፕላን ብዙ ቶን ጨምሮ እንዲነሳ ያስችለዋል። ለረጅም በረራ ደግሞ እያንዳንዱ 5 ቶን የአንድ ሰዓት ነዳጅ መሆኑን ያስታውሱ። በርቀቱ ላይ ግን የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም።

መንገድ ላይ የሚያርፈው የት ነው? ጉዞውንስ ምን ያህል ያረዝመዋል?

በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን እና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል። የእርስዎ በረራ የት እንደሚያርፍ ቲኬቱ ዝርዝር ውስጥ ተጽፏል፤ የበረራ ቁጥሩ አንድ ሆኖም የማረፊያው ከተማ ከወቅት ወቅት ሊቀየር ስለሚችል ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገረዎትን አይያዙ።

ሮም ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው እግር (የጉዞው ክፍል) 4,480፣ ሁለተኛው 7,230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ ከቀጥታው መስመር በ140 ኪሎ ሜትር ብቻ ይበልጣል። በደብሊን በኩል 6,365 እና 5,465 ነው፤ ትርፉ 260 ኪሎ ሜትር። ደብሊን የሚመቸው መንገዱን ለሁለት ተቀራራቢ ክፍል ስለሚከፍለው ነው፤ ከቦሌ ሲነሱ የሚያስፈልገው ነዳጅ የስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ይሆናል፣ አትላንቲክን ለመሻገር የሚሞላው ደግሞ ባሕር ጠለል አጠገብ ካለ ኤርፖርት ነው። ሎሜ ግን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይወስዳል፤ 4,150 እና 8,600 ኪሎ ሜትር፣ ከቀጥታው 1,180 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በሎሜ የሚያልፈው በረራ ነዳጅ ለመሙላት ብቻ አይደለም፤ ከምዕራብ አፍሪካ የሚሳፈሩ መንገደኞችንም ይይዛል። ስለዚህ መሬት ላይ የሚቆየውም ረዘም ይላል።

ነዳጅ ሲሞላ ከአውሮፕላኑ እንወርዳለን?

ለነዳጅ ብቻ ካረፈ አይወርዱም። ወንበርዎ ላይ ሆነው አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ፤ በዚህ ጊዜ የበረራ ሠራተኞች ሊለወጡ፣ ጽዳትም ሊደረግ ይችላል። ነዳጅ እየተሞላ ሳለ ቀበቶዎን እንዲፈቱ ይነገርዎታል፤ አደጋ ቢፈጠር ሁሉም በፍጥነት እንዲወጣ ነው። መተላለፊያው ላይ ቦርሳ አያስቀምጡ፤ ምክንያቱ ያው ነው።

አንዳንዴ ለደህንነት ፍተሻ ሁሉም የእጅ ሻንጣውን እንዲያሳይ ይደረጋል። ፓስፖርትዎንና ቦርዲንግ ፓስዎን ከላይ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን በእጅዎ አጠገብ ይያዙ።

ካርታ ላይ መስመሩ ለምን ወደ ሰሜን ይጎብጣል? በየት በየት አገር ነው የሚያልፈው?

የጎበጠው ካርታው እንጂ መስመሩ አይደለም። ሉል ላይ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በክር አገናኝተው ክሩን ቢወጥሩት ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፤ በካርቱም አካባቢ፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል አልፎ አትላንቲክ ላይ 45 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ይደርስና ወደ አሜሪካ ዝቅ ይላል። ይህ ከሁሉ አጭሩ መንገድ ነው።

አውሮፕላኑ ግን ክሩን ተከትሎ አይሄድም። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ጀምሮ በሱዳን ጦርነት የተነሳ አብዛኛው የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘግቷል። ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች ወደ ምሥራቅ ዞረው በቀይ ባሕር አቅጣጫ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም በሜዲትራኒያን ላይ ያልፋሉ። በካይሮ ላይ የሚያልፍ መስመር 11,860 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን ከአጭሩ በ290 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወደ 20 ደቂቃ መሆኑ ነው። በሳዑዲ በኩል ሰፋ አድርጎ ሲዞር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ከ2015 በፊት የተጻፈ የበረራ ሰዓት ያገኘ ሰው አሁን ካለው ጋር አልገጥም የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አትላንቲክ ላይም ነጻነት የለም። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢቆም በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ሊደርስበት ከሚችል ኤርፖርት ርቆ እንዳይሄድ ሕግ ያስገድደዋል። አየርላንድ ውስጥ ሻነን፣ የአዞሬስ ደሴቶች፣ ካናዳ ውስጥ ጋንደርና ሃሊፋክስ ለዚህ የሚታሰቡ ናቸው።

ነፋስ ምን ያህል ሰዓት ይቀንሳል ወይም ይጨምራል?

ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ጠንካራ የነፋስ ወንዝ አለ። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ከኋላ ይገፋል፣ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ከፊት ይመጣል። የመንገደኛ ጄት በጸጥታ አየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሚገፋ ነፋስ ካገኘ 950 ይሆናል፣ ያው ነፋስ ከፊቱ ከመጣ 850። በ11,570 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ 12 ሰዓት ከ11 ደቂቃ እና 13 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ከ26 ደቂቃ በነፋስ ብቻ!

ነፋሱ በፈረንጆቹ ክረምት፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች፣ ይበረታል፤ በሰሜኑ ቅዝቃዜና በደቡቡ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት የሚሰፋው ያኔ ስለሆነ። ምን ያህል ሊጠነክር እንደሚችል ለማየት የፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024ን ሌሊት ይውሰዱ። ዋሽንግተን አካባቢ ወደ ሰማይ የተላከ የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ በሰዓት 265 ማይል፣ ማለትም 426 ኪሎ ሜትር ነፋስ መዘገበ፤ በዚያው ሌሊት ከደለስ ወደ ለንደን የበረረ አውሮፕላን ከመሬት አንጻር 802 ማይል በሰዓት ደርሶ 45 ደቂቃ ቀድሞ አረፈ።

በጃንዋሪ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ታዲያ ረጅሙን ሰዓት ይጠብቅ። በጁላይ የሚሄደው በተመሳሳይ መንገድ ከዚያ አጠር ያለ ጉዞ ሊገጥመው ይችላል። አየር መንገዶች የወቅቱን አማካይ ነፋስ አስበው ስለሚጽፉ የበጋና የክረምት ፕሮግራማቸው በደቂቃዎች ይለያያል።

ለሌላ ከተማ የበረራ ሰዓቱን ራሴ ማስላት እችላለሁ?

ለግምት ይበቃል። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይያዙ፣ ለ900 ያካፍሉ፣ ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ቀጥሎ ለረጅም በረራ ወደ ምዕራብ ከሆነ 6 በመቶ ይጨምሩ፣ ወደ ምሥራቅ ከሆነ 5 በመቶ ይቀንሱ። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ብቻ ከሆነ ለነፋስ ምንም አይንኩ። ማረፊያ ካለ እያንዳንዱን እግር ለብቻው አስልተው በመሃል የሚቆመውን ይደምሩ።

በደብሊን ለሚያልፈው እንሞክረው። 6,365 ለ900 ሲካፈል 7.1 ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 7.6። ይህ እግር ወደ ሰሜን ያደላል፣ ግን የሱዳን ዙሪያ ስላለው 8 ይበሉት። 5,465 ለ900 ሲካፈል 6.1፣ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 6.6፣ 6 በመቶ ሲጨመርበት 7። መሬት ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ። ድምሩ 16 ሰዓት ከሩብ ነው።

የሰዓት ልዩነቱ 7 ነው ወይስ 8?

ሁለቱም ነው፤ እንደ ወቅቱ። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። አሜሪካኖች ግን በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት ወደኋላ ያደርጋሉ። በ2026 ይህ ማርች 8 እና ኖቬምበር 1 ላይ ይውላል፤ በእኛ የካቲት 29 ቀን 2018 እና ጥቅምት 22 ቀን 2019። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ልዩነቱ 7 ሰዓት፣ በሌላው ጊዜ 8 ሰዓት ነው።

ምሳሌ፦ ከደለስ በዋሽንግተን ሰዓት 11:00 ረፋድ ላይ ተነስተው 13 ሰዓት ቢበሩ፣ በፈረንጆቹ በጋ (በጁላይ ለምሳሌ) አዲስ አበባ የሚደርሱት በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በዲሴምበር በዚያው ሰዓት ቢነሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። በተቃራኒው ከቦሌ ከምሽቱ 4:30 ተነስተው 16 ሰዓት ተኩል ቢጓዙ፣ በሚደርሱበት ቅጽበት አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል፤ ዋሽንግተን በፈረንጆቹ በጋ ገና 8:00 ጠዋት ነው።

የሚቀበልዎት ዘመድ በማርችና በኖቬምበር መግቢያ ላይ አንድ ሰዓት ስቶ ኤርፖርት የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የበረራ ቁጥሩን ላኩለት፤ መድረሻውን በአካባቢው ሰዓት ራሱ ማየት ይችላል።

ቲኬቴ ላይ 00:15 ይላል። ኤርፖርት መቼ ልምጣ?

ይህ ብዙ ሰው በረራ ያመለጠበት ነገር ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡት። ቲኬት ላይ ያለው በ24 ሰዓት የሚቆጠር የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ቀኑም የሚለወጠው ሲነጋ ሳይሆን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቲኬቱ ጃንዋሪ 10 ቀን 2026፣ 00:15 ካለ፣ ጥር 2 ቀን 2018 ከሌሊቱ 6:15 ማለት ነው። እኛ በልማድ ይህን «የጥር 1 ሌሊት» እንለዋለን። ስለዚህ ኤርፖርት የሚሄዱት ጥር 1 ማታ ነው። ጥር 2 ማታ የሄደ ሰው በረራው ከሄደ ሙሉ ቀን አልፎታል።

ለመቀየር፦ ከ0:00 እስከ 6:59 ላለው 6 ይደምሩ፣ የሌሊት ወይም የንጋት ሰዓት ነው። ከ7:00 እስከ 18:59 ላለው 6 ይቀንሱ። ከ19:00 እስከ 23:59 ላለው 18 ይቀንሱ፣ የማታ ነው። 22:30 እንግዲህ ከምሽቱ 4:30 ነው።

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ በረራ ከመነሻው አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ቦሌ መድረስ ተገቢ ነው። የሰነድ ማጣሪያውና ተጨማሪው የደህንነት ፍተሻ ከሌላ በረራ ይረዝማል፣ ማታ ላይ ደግሞ ብዙ በረራዎች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ።

ደለስ ላይ ለሚቀጥለው በረራ ስንት ሰዓት ልተው?

ቢያንስ ሦስት ሰዓት፤ ልጆች ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች አብረው ካሉ አራት። ሻንጣዎ እስከ መጨረሻው ከተማ ቢመዘገብም አሜሪካ በገቡበት የመጀመሪያ ኤርፖርት የኢሚግሬሽን ሰልፍ ይሰለፋሉ፣ ሻንጣዎን ከቀበቶው ላይ ያነሳሉ፣ በጉምሩክ ያሳልፋሉ፣ እንደገና ያስረክባሉ፣ ከዚያ ለአገር ውስጥ በረራው ዳግም ይፈተሻሉ። ደለስ ላይ ከአውሮፕላን ወደ መግቢያው አዳራሽ መንገደኛ የሚያመላልስ ተንቀሳቃሽ ክፍል የሚመስል ትልቅ ተሽከርካሪ ስላለ እሱንም መጠበቅ አለ።

ጊዜ የሚበላው ሌላው የምግብ ፍተሻ ነው። ቋንጣና ማንኛውም የሥጋ ውጤት ከኢትዮጵያ አይገባም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራ ይዘው ከሆነ ምግብ መያዝዎን ሲጠየቁ ይናገሩ። የተናገረ ሰው ሻንጣው ቢታይ እንኳ በደቂቃዎች ይሸኛል፤ ደብቆ የተገኘ ቅጣትም አለበት፣ ተያያዥ በረራውም ያመልጠዋል።

ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቲኬት ይቁረጡ። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያሳፍርዎት አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተቆረጡ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ እርስዎን እንደቀረ መንገደኛ ይቆጥራል፣ አዲስ ቲኬት መግዛት ይኖርብዎታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር መንገዶች ኅብረት የሆነው የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነና ደለስ የዚሁ ኅብረት አባል የአሜሪካው ዩናይትድ ትልቅ ማዕከል ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቲኬት ማግኘት አይከብድም።

ጉዞዎ ዋሽንግተን አካባቢ የሚያበቃ ከሆነ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የሜትሮው ሲልቨር ላይን ደለስ ድረስ ይደርሳል። መሃል ከተማ ለመግባት አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ላለው ሰው ግን የዘመድ መኪና ይሻለዋል።

በሌላ አገር ትራንዚት ማድረግ ምን ያህል ያረዝማል?

በፍራንክፈርት 5,350 እና 6,550፣ በድምሩ 11,900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቀጥታው ብዙም አይርቅም። በኢስታንቡል 12,110 ይሆናል። ዱባይ ግን ወደኋላ መሄድ ነው፤ ከአዲስ አበባ 2,520 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ከሄዱ በኋላ ከዱባይ እስከ ደለስ 11,350 ኪሎ ሜትር ይቀራል፣ ከቦሌ ሊነሱ ከነበረው ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። ሁለቱ በረራዎች ብቻ ከ17 ሰዓት በላይ አየር ላይ ያቆዩዎታል። ዋጋው ሲረክስ ይህን አስበው ይወስኑ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት በሸንገን አገሮች ኤርፖርት ለማለፍ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ከዚህ ነጻ ነው።

ይህን ያህል ሰዓት መቀመጥ ጤናን አይጎዳም?

ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ እግር ላይ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፣ ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ውኃ ይጠጡ። ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪም ያማክር። ኢንሱሊን ወይም በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው የሰዓት ልዩነቱን ጨምሮ ዕቅዱን ከሐኪሙ ጋር ያውጣ፤ መድኃኒቱንም በእጅ ሻንጣው ይያዝ።

የአየር ግፊቱ የአዲስ አበባን ሰው ሊያሳስበው አይገባም። በ787 እና በኤ350 ውስጥ ያለው ግፊት 1,830 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ተደርጎ ይጠበቃል፤ ይህ ከፍታ ከቦሌ ዝቅ ያለ ነው። ከዋሽንግተን ለሚመጣ ሰው ግን አዲስ አበባ ራሷ ከአውሮፕላኑ ትከብዳለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ቢያጥር ከዚህ ነው።

በረራው ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች ዋናዎቹ ምንድን ናቸው?

በጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ዋሽንግተን በረዶ ሲጥል ክንፉ ላይ የተጋገረው በልዩ ፈሳሽ ካልታጠበ አውሮፕላን አይነሳም፤ ሰልፉ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በእኛ ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ሥራውን ያቋርጣል። ነዳጅ የሚሞላበት ኤርፖርት ሲጨናነቅ የአንድ ሰዓቱ ቆይታ ሁለት ይሆናል። ከሁሉ የከፋው የሠራተኞች የሥራ ሰዓት ገደብ ነው፤ መዘግየቱ ከተፈቀደላቸው ካለፈ ሌላ ሠራተኛ እስኪገኝ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይቀራል።

ለሌሎቹ የአሜሪካ ከተሞች ርቀቱስ?

ከቦሌ ኒውዋርክ 11,230፣ ቺካጎ ኦሄር 12,180፣ አትላንታ 12,380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።